ማሙሽን ተይው፣ ይዝፈን

ለውድ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ እያለቀስሽ አላስጨርስ ስላልሽኝ በደብዳቤ መጣሁ። ሚሚ ታንብብልሽ።

ስለ ወንድሜ ስለ ማሙሽ “ልጄ ከኳስ ወደ አዝማሪነት ወረደ” አልሽኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደንግጫለሁ። ጉልበቱ ተጎድቶ ክለቡ ሲያሰናብተው ሱቅ ቢጤ ይከፍታል ብዬ ነበር። ጭራሽ ጊታር! ያውም የኬኒ ሮጀርስን ዘፈን። ጥፋቱ ግን የአባዬ ነው። ያን ካሴት ክሩ እስኪላላ ያጫወተው እሱ ነው።

ይኸውልሽ፣ እኔ ያለሁባት ናሽቪል የዚህ ዘፈን አገር ናት። ካንትሪ ይሉታል፤ የገጠር ሰው ዘፈን ነው። የምሠራበት ፓርኪንግ ከብሮድዌይ ብዙ አይርቅም። እዚያ መጠጥ ቤቶቹ ከጠዋት እስከ ሌሊት ይዘፈንባቸዋል። ብዙዎቹ ዘፋኞች ባልዲ ውስጥ በሚጣልላቸው ቲፕ ነው የሚኖሩት። እንደኛ አገር ግንባር ላይ ብር መለጠፍ የለም።

አሁን የአንድ ሰው ነገር ላጫውትሽ። ቻርሊ ፕራይድ ይባላል፤ ጥቁር የካንትሪ ዘፋኝ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1934 ሚሲሲፒ ውስጥ ስሌጅ በምትባል መንደር ተወለደ። ወላጆቹ የሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያመርቱ ጭሰኞች ነበሩ፤ ልጆቹ 11። ሕልሙ ቤዝቦል ነበር። ኳሷን በዱላ የሚመቱበትን ጨዋታ ማለቴ ነው። ጥቁሮች ለብቻቸው በሚጫወቱበት ሊግ ኳስ ወርዋሪ ሆነ። ከዚያ ክንዱ ተጎዳ። አንድ ጊዜማ ክለቡ እሱንና ሌላ ተጫዋች ሰጥቶ በምትካቸው አሮጌ አውቶቡስ ወሰደ! የማሙሽ ክለብ ቢያንስ በአውቶቡስ አልለወጠውም።

በኋላ ሞንታና ሄደ፤ ብርድ አገር ነው። ማዕድን ማቅለጫ ፋብሪካ ተቀጠረ። ለፋብሪካው ቡድንም ይጫወት ነበር። ከጨዋታ በፊት እንዲዘፍን 10 ዶላር ይጨምሩለታል። እማዬ፣ እዚህ ላይ ጆሮሽን ስጪኝ። ማታ መጠጥ ቤት ይዘፍናል፣ ሥራውን ግን አልለቀቀም። ትልቁ ሊግ ለመግባትም ደጋግሞ ሞከረ፤ አልሆነለትም። የመጀመሪያ ሸክላው በ1966 ሲወጣ 32 ዓመት ሊሞላው ነበር። ማሙሽ ገና 27 ነው።

ካንትሪ የነጭ ዘፈን ነው ይባል ስለነበር ኩባንያው ፎቶውን ለሬዲዮ ጣቢያዎች አልላከም። ድምፁን ብቻ ይስሙ ብለው ነው። ዲትሮይት ላይ ስሙ ሲጠራ ሕዝቡ አጨበጨበ። መድረኩ ላይ ብቅ ሲል ጭጭ አለ። እሱ በገዛ ቆዳው ቀለም ቀልዶ አሳቃቸውና ዘፈኑን ቀጠለ። በ1971 የካንትሪ ሰዎች የዓመቱ ምርጥ ብለው ሸለሙት። እርጅናው ላይ ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከአንድ ትልቅ የቤዝቦል ክለብ፣ ከቴክሳስ ሬንጀርስ፣ ድርሻ ገዛ። በአውቶቡስ የተለወጠው ልጅ! በ2020 በኮሮና ሞተ፤ ነፍሱን ይማረው።

ማሙሽም እንደሱ ይሆናል አላልኩም። እዚህ ጊታሩን አዝሎ መጥቶ ስንቱ ባዶ እጁን ይመለሳል። ባሪ ዚቶ የሚባል በቤዝቦል ሚሊየነር የሆነ ወርዋሪም ጨዋታ ካቆመ በኋላ እዚህ መጥቶ ዘፈን ጀምሯል። እሱ ግን ባይሳካለትም ጦሙን አያድርም። የኛው ልጅ ያለው ጉልበቱ ነው፣ እሱም ታሟል።

ስለዚህ ቀን ቀን ሥራ ይያዝ። ቅዳሜና እሑድ ሆቴሉ ውስጥ ይዝፈን። የላክሁት ብር ለጉልበቱ ሕክምና ነው፤ ክሊፕ ይሠራበትና እንጣላለን። አንቺም “አዝማሪ” የምትይውን ፊቱ ላይ አትበይበት። ልጁ ደውሎልኝ አልቅሷል፤ እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር።

አንድ ያገለገለ ጊታር በርካሽ አግኝቼ ገዝቼለታለሁ። ለፋሲካ የሚመጣ የሰፈራችን ልጅ ኪሎ ይበላብኛል እያለ አጉረምርሞ ተቀብሎኛል። ማሙሽ ቦሌ ሄዶ ይጠብቀው። የልጁን ሻንጣ ግን እንዳይሸከምለት፣ ጉልበቱን አደራ።

ልጅሽ፣
ከናሽቪል