ቀኑን ወስደው ማዕዱን ትተውታል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቅርቡ በሥነ ጽሑፍ ዓምዳችሁ ስለ ክርስቲያናዊ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለዶች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው እነዚህ መጻሕፍት አንባቢን በፍርሃት ይዘው ገጽ ከማስገለጥ ያለፈ ፋይዳ የላቸውም ካሉ በኋላ፣ በኦሪት የታዘዙትን የአይሁድ በዓላት በቤታቸው የሚያከብሩ ክርስቲያን ቤተሰቦችም ልማዱን የቀዱት ከእነዚሁ ልብ ወለዶች ነው ብለዋል። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ የዚህ ዘውግ አንባቢ ነኝ፤ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቻችን ጋር ደግሞ በዓላቱን ማክበር ከጀመርን ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ነገሮች ማገናኘታቸው ተገቢ ቢሆንም ያገናኙበት መንገድ ግን ከማውቀው ሁሉ ጋር አይገጥምም። የዘውጉ ደራስያን ጥፋት አንባቢን ማስፈራታቸው አይደለም፤ ከበዓላቱ ቀኑን ብቻ ወስደው ማዕዱን መተዋቸው ነው።

በእኛ ቤት ነገሩ የተጀመረው ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23ን በቤተሰብ ጸሎት ሰዓት ስናነብ ነው። የበኩር ልጃችን በዳስ ውስጥ ሰባት ቀን ተቀመጡ የሚለውን ሲሰማ «ታዲያ እኛ ለምን አንድ ቀን እንኳን ዳስ ሠርተን አናውቅም?» ብሎ ጠየቀ፤ እኔም ሆንኩ አባቱ አጥጋቢ መልስ አልነበረንም። በዚያው ዓመት ዳስ ሠራን፤ በሚቀጥለው ዓመት የፋሲካን ማዕድ አዘጋጀን፤ ቀስ በቀስም በዓለ ሃምሳን፣ የመለከትን በዓልና የማስተሰረያን ቀን ጨመርን።

ስንጀምር ብዙ ተሳስተናል። በመጀመሪያው ፋሲካችን ጠቦት ጠብሰን «የፋሲካ መሥዋዕት» ብለን በማዕዱ ላይ አቀረብን። የጋበዝናቸው አይሁዳዊት ጎረቤታችን ምንም ሳይሉ እራቱ ካለቀ በኋላ እኔን ለብቻዬ ጠርተው፣ ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ የፋሲካ በግ እንደማይሠዋ፣ በሳህኑ ላይ የሚቀመጠው የተጠበሰ አጥንት መታሰቢያ ብቻ እንደሆነ፣ በብዙ ቤቶችም በዚያች ሌሊት የተጠበሰ ሥጋ ጨርሶ እንደማይበላ በትዕግሥት አስረዱኝ። ሴዴር የሚባለው የማዕድ ሥርዓት ከአራቱ ጽዋዎችና ከልጆች ጥያቄ ጋር ተጽፎ የሚገኘው በ200 ዓ.ም. ገደማ በተሰበሰበው፣ ሚሽና በሚባለው የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ ውስጥ መሆኑንም ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ጌታችን በመጨረሻው እራት ያደረገው በዝርዝሩ ሁሉ ይኸው ነበር እያሉ ማስተማር ከማስረጃው አልፎ መሄድ ይሆናል፤ እኛም ለልጆቻችን እንዲህ ማለትን ትተናል።

ይህ ወደ ኦሪት መመለስ ነው ለሚሉን ወገኖች አክብሮት አለኝ፤ ክርክሩም የቆየ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የእስያ አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካን በአይሁድ የመጀመሪያ ወር በኒሳን 14 ቀን ሲያከብሩ ሮም በእሑድ ታከብር ነበር፤ የሰምርኔሱ ኤጲስ ቆጶስ ፖሊካርፖስ ሮም ድረስ ሄዶ ከሮም ኤጲስ ቆጶስ ከአኒቄጦስ ጋር ተነጋግሮ ባይስማሙም አብረው ቆርበው በሰላም ተለያይተዋል። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ386 እና በ387 በአንጾኪያ የአይሁድን በዓላት የሚያከብሩ ክርስቲያኖችን በጽኑ ገሥጿል፤ በእነዚያ ስብከቶች ስለ አይሁድ የተነገረውን ሳነብ ግን ልቤ ያዝናል። የእኛ አጥር ሐዋርያው ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች ስለ በዓልና ስለ ወር መባቻ ማንም አይፍረድባችሁ ብሎ የጻፈው ነው፤ በማክበራችን አንጸድቅም፣ የማያከብረውንም አንወቅስም፣ አይሁድ ነን ብለንም አንመጻደቅም። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ ልብ ወለዱ ልመለስ። በትምህርት ቤት ስለ ልብ ሰቀላ ስንማር፣ ደራሲው የሚመጣውን ነገር በንግር ጠቁሞ መድረሻውን እያዘገየ አንባቢውን በመጠበቅ ያቆየዋል ይባል ነበር። ዘፀአት ምዕራፍ 12 ይህን ሁሉ ይዟል። በጉ የሚመረጠው በወሩ በአሥረኛው ቀን ነው፤ የሚታረደው ግን በአሥራ አራተኛው ቀን ማምሻ ላይ ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ በጉ ከቤተሰቡ ጋር ይሰነብታል፤ ልጆቹ ውኃ ያጠጡታል፣ ፀጉሩን ይዳብሳሉ፣ ምን እንደሚሆንም ያውቃሉ። ከዚያ ደሙ በመቃኑና በጉበኑ ላይ ይቀባል፤ እስኪነጋ ድረስ ማንም ከደጅ እንዳይወጣ ይታዘዛል፤ ቤተሰቡ ወገቡን ታጥቆ፣ ጫማውን አድርጎ፣ በትሩን ይዞ በችኮላ ይበላል። መጽሐፉም ያችን ሌሊት የመጠበቅ ሌሊት ያደርጋታል። የዘመናችን ልብ አንጠልጣይ ደራሲ አሳዳጅና ተሳዳጅ፣ ፈንጂና ሰዓት ቆጣሪ ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት በዚህች ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት ቢያድር ምንኛ ደስ ባለኝ!

አስቴርንም እዩ። አይሁድን ሊያጠፋ የተነሣው የፋርስ ንጉሥ ሹም ሐማ በመጀመሪያው ወር ዕጣ አስጥሎ የጥፋቱ ቀን በአሥራ ሁለተኛው ወር ይወድቃል፤ አንድ ሕዝብ ሙሉ የሚሞትበትን ቀን እያወቀ ወራትን ይቆጥራል። ንግሥቲቱ ነፍሷን ለሞት ሰጥታ ወደ ንጉሡ ከገባች በኋላ ጥያቄዋን ወዲያው አትናገርም፤ ወደ ግብዣ ትጠራዋለች፣ በግብዣውም ላይ ለነገ ሌላ ግብዣ ትጠራዋለች። በሁለቱ ግብዣዎች መካከል ባለችው አንዲት ሌሊት ንጉሡ እንቅልፍ አጥቶ የታሪክ መጽሐፍ ያስነብባል፤ ነገሩ ሁሉ የሚገለበጠውም ከዚያ ነው። በዕብራይስጡ ቅጂ የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ እንኳን አይጠራም፤ አንባቢው ግን በየገጹ ይፈልገዋል። የዚህ መዳን መታሰቢያ በሆነው በፉሪም በዓል ምሽት ይህን መጽሐፍ ጮክ ብለን ከዳር እስከ ዳር ስናነብ፣ ታሪኩን በቃሉ የሚያውቀው ትንሹ ልጃችን ሳይቀር እዚያች ሌሊት ላይ ስንደርስ ዝም ይላል።

በቤታችን ያየሁትን አንድ ምሽትም ልንገራችሁ። ከፋሲካ በፊት ባለው ሌሊት እርሾ ያለበትን ነገር ሁሉ ከቤት የማስወጣት ልማድ አለ፤ መብራት ጠፍቶ፣ ሻማ ተይዞ፣ ቀድመው የተደበቁ አሥር ቁራሽ ዳቦዎች ይፈለጋሉ፣ ሲገኙም በላባ ወደ እንጨት ማንኪያ ይጠረጋሉ። በአንድ ዓመት ዘጠኙን አግኝተን አሥረኛው ጠፋ። የደበቀው ባለቤቴ ነበር፤ እርሱም የት እንዳስቀመጠው ዘነጋ። ልጆቹ በአልጋ ሥር፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ በመጽሐፍ መደርደሪያው ውስጥ እየገቡ ፈለጉ፤ ሻማው አልቆ ሌላ ለኮስን። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ቁራሹ ከራሱ ከባለቤቴ ካፖርት ኪስ ተገኘ። ማንም አልሳቀም። እርሱ ቁራሹን በመዳፉ ላይ አድርጎ እንደ ቆመ ልጆቹ ፊቱን ያዩት ነበር። እኔም በስንት ልብ ወለድ ውስጥ ክፉው ሩቅ አገር በሚዶልት ምስጢራዊ ማኅበር ውስጥ እንደ ተቀመጠ አሰብሁ፤ በበዓሉ ግን የኃጢአት ምሳሌ የሆነው እርሾ የሚፈለገው ፈላጊው በለበሰው ልብስ ውስጥ ጭምር ነው።

ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ። በዚህ ዘውግ በዓላቱ የሚመጡት በአብዛኛው እንደ ምስጢር ቁልፍ ነው። አንድ ምሁር የጥንት ብራና ያገኛል፣ የበዓላቱን ቀናት ይደምራል፣ ያካፍላል፣ የዓለም ፍጻሜም በሚቀጥለው የመለከት በዓል ላይ ይውላል። ይህ በልብ ወለድ ብቻ ቢቀር ባልጻፍሁ ነበር። በ1988 የቤተ ክርስቲያን ንጥቀት፣ ማለትም አማኞች በድንገት ወደ ሰማይ መወሰዳቸው፣ በዚያው ዓመት የመለከት በዓል ሰሞን ይሆናል የሚል መጽሐፍ በአሜሪካ እጅግ በብዛት ተሠራጭቶ ነበር፤ ቀኑ መጥቶ ሄደ። በ2014 እና በ2015 ደግሞ አራት የጨረቃ ግርዶሾች በፋሲካና በዳስ በዓል ላይ ስለ ዋሉ ብዙዎች ታላቅ ምልክት ነው አሉ። ነገር ግን ሁለቱም በዓላት በጨረቃ ወር በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ጊዜ ይጀምራሉ፤ የጨረቃ ግርዶሽም ከሙሉ ጨረቃ በቀር አይደርስም። ስለዚህ ግርዶሽ በእነዚህ በዓላት ላይ መዋሉ ከቀን መቁጠሪያው አሠራር የሚመጣ ነው። ጌታችንም ያችን ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር የሚያውቅ የለም ብሏል፤ ይህን የሚያምን ደራሲ ቀን ቆራጭ ገፀ ባሕርይን ነቢይ አድርጎ ማቅረቡ ይከብደኛል።

የከበደኝም ያለ ምክንያት አይደለም። ሴት ልጃችን አሥር ዓመቷ ሳለ ከመደርደሪያዬ እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ወስዳ አነበበች። በመለከት በዓል ማታ ቀንደ መለከቱን ነፍተን፣ ዘምረን ተኛን፤ ሌሊት ወደ ክፍሏ ስገባ ልብሷን እንደ ለበሰች አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ጫማዋና ሹራቧ ከአጠገቧ ነበሩ። «ምነው የእኔ እናት?» ስላት «እማዬ፣ ሁላችሁም ሄዳችሁ እኔ ብቻዬን ብቀርስ ብዬ ነው» አለችኝ። አብሬያት አነጋሁ። ለደስታ የተሰጠው መለከት ለልጄ የመተው ድምፅ ሆኖባት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዳሱ ውስጥ ስንተኛ በጣሪያው ቅጠል መካከል የሚታዩትን ከዋክብት ቆጥራ አሥራ ሰባት ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ዳሱ በነፋስ የሚወዛወዝ፣ ዝናብ የሚያስገባ፣ መዝጊያ የሌለው ቤት ነው፤ ልጄ ግን ከግንቡ ቤት ይልቅ እዚያ ሳትፈራ ተኛች። ይህን የሚያህል ርዕሰ ነገር አንድ ደራሲ እንኳን ቢያየው እላለሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አያርፍም። በእነዚህ መጻሕፍት አይሁዳዊው ሰው ብዙ ጊዜ ምስጢሩን ለክርስቲያኑ ጀግና አቀብሎ የሚሞት ሽማግሌ ነው፤ ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፣ ማዕድ የለውም። በሴዴር ሌሊት ከሦስተኛው ጽዋ በኋላ ለነቢዩ ኤልያስ በር ይከፈታል። በእኛ ቤት ይህን የሚያደርገው ትንሹ ልጃችን ነው፤ እጁን በመዝጊያው ላይ አድርጎ ወደ ኋላው ዞሮ «ቢመጣስ?» ይላል። በታሪክ ግን ያን በር መክፈት ያስፈራ የነበረባቸው ቤቶች ነበሩ። በ1475 በሰሜን ኢጣሊያ በትሬንት ከተማ የአንድ ሕፃን ሬሳ በተገኘ ጊዜ፣ አይሁድ ለፋሲካቸው የክርስቲያን ደም ይፈልጋሉ በሚል ሐሰት ሰዎች ተሠቃይተው ተገድለዋል፤ ሕፃኑ እንደ ሰማዕት ሲከበር ኖሮ የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይህን የሻረችው በ1965 ነው። በፖላንድ ዋና ከተማ በዋርሶ፣ ናዚዎች አጥረው በያዙት የአይሁድ ሰፈር አመፅ የተነሣው አፕሪል 19 ቀን 1943፣ በፋሲካ ዋዜማ ነበር። ደጃፍ ላይ የሚሰማ ኮቴ ማለት ምን እንደሆነ ለመጻፍ የሚፈልግ ክርስቲያን ደራሲ ይህን ሳያውቅ የፋሲካን በር በልብ ወለዱ ውስጥ ሊከፍት አይገባውም። ሐዋርያውም እስራኤልን በወይራ ዛፍ መስሎ፣ በቅርንጫፎቹ ላይ አትመካባቸው ብሎ የጻፈው ለእኛ ነው።

ስለዚህ የዓምዱ አዘጋጆች እንዲህ ያሉ ልብ ወለዶችን ወደፊት ስትገመግሙ፣ መጽሐፉ ምን ያህል ያስፈራል ከማለት አልፋችሁ ደራሲው ያነሣውን በዓል ያውቀዋልን፣ ገፀ ባሕርያቱስ አንድ ጊዜ እንኳን አብረው ይበላሉን ብላችሁ እንድትጠይቁ እለምናለሁ። ዘውጉን ንቃችሁ እንዳትተዉትም እለምናለሁ፤ እኔ በእምነቴ በደከምሁባቸው ሌሊቶች ያነበብኋቸውና እስከ ዛሬ የማመሰግናቸው መጻሕፍት በውስጡ አሉ።

ያች ጫማዋን ከአጠገቧ አድርጋ ያደረች ልጃችን ዛሬ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በግብፅ ስለ ነበረ አንድ የበኩር ልጅ ልብ ወለድ እየጻፈች ነው። ልጁ በአሥረኛው ቀን ወደ ቤት ለገባው በግ አባቱ እንዳይሰማው በሹክሹክታ ስም አውጥቶለታል። እስካሁን ሠላሳ አንድ ገጽ ደርሳለች፤ ታሪኩ ገና አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ