ለካንቼንጁንጋ ተጓዦች

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የምንሄደው ኔፓል ምሥራቅ ጫፍ፣ ወደ ካንቼንጁንጋ ተራራ ሰሜናዊ ቤዝ ካምፕ (የተራራው ግርጌ ሰፈር) ወደ ፓንግፔማ ነው። ከፍታው 5,100 ሜትር ያልፋል። «የአዲስ አበባ ልጅ ከፍታ አይበግረውም» ለምትሉ፦ ካትማንዱ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለች ከተማ ናት፣ ራስ ዳሸንም 4,550 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሁላችንም እንግዳ ነን።

ከ3,000 ሜትር በኋላ የማደሪያችን ከፍታ በቀን በአማካይ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ጉንሳና ካምባቼን የሚባሉት መንደሮች ላይ ተጨማሪ ቀን እናርፋለን። የሚቸኩል ካለ ካሁኑ ይናገር። ራስ ምታት ላይ ማቅለሽለሽ ከተጨመረበት ሽቅብ መሄድ የለም። እንደ ሰከረ ሰው የሚንገዳገድ ካየን ግን ሌሊትም ቢሆን ይዘነው እንወርዳለን፤ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ መቋጠሩ ሊሆን ይችላል። ዳያሞክስ (የከፍታ ሕመም መከላከያ መድኃኒት) የምትፈልጉ ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትጀምሩ።

ኢንሹራንሳችሁ በዚህ ከፍታ የሄሊኮፕተር ማዳንን መሸፈኑን ውሉን ገልጣችሁ አንብቡ፤ ብዙዎቹ አይሸፍኑም። ገንዘብ ታፕሌጁንግ ከተማ ከመድረሳችን በፊት በኔፓል ሩፒ ያዙ። ጿሚዎች አትስጉ፣ የየዕለቱ ምግብ ሩዝና ምስር ነው፤ ቅቤ እንዳይገባበት ብቻ ቀድማችሁ ንገሩ። የስልክ ባትሪ ብርድ ስለሚጨርሰው ሌሊት ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አብሯችሁ ይደር።

የፓስፖርት ቅጂ ያልላካችሁ በዚህ ሳምንት ላኩ፤ አካባቢው ያለ ልዩ ፈቃድ አይገባም።