ጥገናው ለኮንትራክተር ቢሰጥም ኃላፊነቱ የፋብሪካው ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ሲሚንቶ በጠፋና በተወደደ ቁጥር ስለ ነጋዴው፣ ስለ ደላላው፣ ስለ ከሰሉ ብዙ ትጽፋላችሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ፋብሪካ ውስጥ ጥገናውን ማን እንደሚሰራውና እንዴት እንደሚሰራው ሲነሳ አላየሁም። እኔ የሲሚንቶ ፋብሪካ ጥገና ላይ ነው ያለሁት፣ እስቲ ትንሽ ልበል።

አሁን አሁን ከባድ ከባዱ ጥገና ለኮንትራክተር ነው ሚሰጠው። ይሄን አልቃወምም፣ ለኪልን (ጥሬ እቃው ሚቃጠልበት እየዞረ ሚሰራ ትልቅ ምድጃ) ብሪክ ቅየራ ብቻ ብሎ ያን ሁሉ ሰው አመቱን ሙሉ ቀጥሮ ማስቀመጥ አያዋጣም። ችግሩ ስራውን ሲሰጡ ኃላፊነቱንም አብረው ያስረከቡ ስለሚመስላቸው ነው። ጨረታውን ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ይወስደዋል፣ እሱ ለሰብ ኮንትራክተር ያስተላልፈዋል፣ ያኛው ደግሞ ሸትዳውኑ (ፋብሪካው ለጥገና ሚቆምበት ጊዜ) ሊጀመር ሲል በር ላይ የቀን ሰራተኛ ይሰበስባል፣ መጨረሻ ላይ ኪልን ውስጥ ሚገባው ልጅ ጨረታው ላይ ሲቪያቸው ከተያያዘው ባለሙያዎች አንዱም አይደለም።

በቅርቡ አይኔ እያየ የኮንቬየር (የእቃ ማጓጓዣው) ቤሪንግ (ኩሽኔታ) በመዶሻ እየተመታ ሲገባ ነበር። ቤሪንግ በሂተር 110 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ ነው ሻፍቱ (ዘንጉ) ላይ መንሸራተት ያለበት። ሂተሩ ስቶር ውስጥ ተቀምጧል፣ ልጁ ግን መኖሩን ማን ነግሮት! በመዶሻ ሲመታ ውስጡ በአይን ማይታይ ጉዳት ይቀራል፣ ማሽኑ ሲነሳ ምንም ድምፅ የለም፣ ርክክብ ይፈረማል፣ ክፍያ ይለቀቃል፣ ከሳምንታት በኋላ መጮህ ይጀምርና ነክሶ መዞር ያቆማል። ያኔ ኮንትራክተሩ ግሪስ አልሰጣችሁትም ይላል፣ እኛ አገጣጠሙ ነው እንላለን፣ ማንም ማስረጃ የለውም ምክንያቱም ሲገጠም ከኛ ወገን አንድ ሰው አጠገቡ አልቆመም።

ብሪኩም እንደዛው ነው። ክሊንከር (ኋላ ተፈጭቶ ሲሚንቶ ሚሆነው) 1450 ዲግሪ አካባቢ ነው ሚበስለው፣ የኪልኑን ብረት ከዛ እሳት ሚጠብቀው ብሪኩ ነው። ብሪኩ ውስጡን ዙሪያውን በቀለበት በቀለበት ነው ሚደረደረው፣ ቀለበቱን ሚዘጋው የመጨረሻው ብሪክ ላላ ካለ ወይ ክፍተቱ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ተደርቦ ከተሞላ፣ ኪልኑ መዞር ሲጀምር ብሪኩ ይንቀሳቀሳል፣ ይወድቃል፣ ሼሉ (የውጪው ብረት) በሙቀት ይቀላል፣ እንደገና ማቆም ነው። ይሄ ሚታወቀው ውስጥ ገብቶ ቀለበት በቀለበት በማየት ነው፣ ውጪ ሆኖ ዛሬ ስንት ሜትር ተሰራ እያለ ሚቆጥር ተቆጣጣሪ አያገኘውም። ውሉ ላይ ያለው ቅጣት ደግሞ የመዘግየት ብቻ ስለሆነ ሁሉም ሩጫ ነው።

ከገንዘቡ በላይ ሚያስጨንቀኝ ግን የሰው ህይወት ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. በሰሜን ባህር ፓይፐር አልፋ የሚባለው የነዳጅ መድረክ ላይ 167 ሰው ያለቀው እኮ፣ ኮንትራክተር ሴፍቲ ቫልቩን ለጥገና ፈቶት የሄደውን ፓምፕ የማታው ሽፍት ስላስነሳው ነው፣ ቫልቩ መፈታቱን ሚናገረው ፐርሚት (የስራ ፈቃድ ወረቀት) ፓምፑን ያስነሱት ሰዎች ጋ አልደረሰም። እኛ ጋር ሚል (መፍጫው) ውስጥ ሰው እያለ፣ ማሽኑን ማንም እንዳያስነሳው ብሬከሩ (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያው) ላይ የተንጠለጠለው ጓጉንቸር የፎርማኑ ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ። ፎርማኑ ሽፍት ሲቀይር ቁልፉን ለሌላ ሰጥቶ ይሄዳል፣ ተቀባዩ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ በምን ያውቃል? የቀን ሰራተኛም ቢሆን እያንዳንዱ የራሱን ጓጉንቸር ከነስሙ ይስቀል፣ ቁልፉም በራሱ ኪስ ይሁን። የጓጉንቸር ዋጋ ምን ያህል ሆኖ ነው!

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል። ልጁ ሲጎዳ ግን ፋብሪካው የኛ ሰራተኛ አይደለም ይላል፣ ኮንትራክተሩ የሰብ ኮንትራክተሩ ነው ይላል፣ ቤተሰቡ ቢሮ ለቢሮ ይንከራተታል።

የፋብሪካ ኃላፊዎችን ምለምነው ከባድ ነገር አይደለም፣ ለእያንዳንዱ የኮንትራክተር ቡድን ስራውን ሚያውቅ የራሳችሁን አንድ መካኒክ መድቡ፣ ውሉ ላይ ስሙ ያለው ባለሙያ ራሱ መምጣቱን በር ላይ አጣሩ፣ ከክፍያውም የተወሰነውን ማሽኑ ጥቂት ወራት ሰርቶ እስኪታይ ያዙት። እናንተም ጋዜጠኞች ቀጣይ ሸትዳውን ላይ ዋናውን ቢሮ ብቻ አትዩ፣ ፐርሚቱ ላይ የማን ስም እንዳለና ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ጠይቁልን።

አንድ የጥገና ባለሙያ