ለሌሊት ተረኛዋ ነርስ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የትምህርት መደርደሪያ

በደሴና በኮምቦልቻ ለምትኖሩ፣ በአገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ የወሎ ልጆች በሙሉ፤

በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል የምትሠራ ነርስ ከባዱን ጥያቄ ቀን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ ትጨርሰዋለች። የሚያስቸግረው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚመጣው ትንሹ ጥያቄ ነው። ለአንድ ተኩል ኪሎ ሕፃን 6 ሚሊ ግራም ጄንታማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ታዘዘ እንበል። ብልቃጡ በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም የያዘው ነው፤ ስለዚህ የሚፈለገው 0.15 ሚሊ ሊትር ብቻ ይሆናል። ይህን በባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በትክክል መለካት አይቻልም። ነጥቧ አንድ ቦታ ከተንሸራተተች ደግሞ 1.5 ይቀዳል፤ 60 ሚሊ ግራም፣ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ኩላሊትና ጆሮ የሚጎዳው በዚህ ነው። መላው ግን ቀላል ነው፦ ከብልቃጡ 1 ሚሊ ሊትር በ3 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃ) ሲበጠበጥ በአንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ከዚያ በባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ 0.6 መቅዳት ነው።

ይህን በሁለት ደቂቃ፣ በአማርኛ፣ እጅና ሲሪንጅ እያሳየ የሚያስረዳ ቪዲዮ ከመድኃኒት ጠረጴዛው አጠገብ እንዲገኝ እንፈልጋለን። የድጋፍ ጥሪው እንዲህ ያሉ ትምህርቶች የሚቀመጡበት የጋራ መደርደሪያ ለማቆም ነው።

ኢንተርኔት ላይ ጥሩ ትምህርት ሞልቷል። ነገር ግን አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፣ ረጅም ነው፣ የነርሷንም የግል ዳታ ይበላል። ኔትወርኩ የሚቆራረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ መብራት በሄደበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ትምህርቱ የሚጫነው መዳፍ በምታህል ራስፕቤሪ ፓይ ኮምፒውተር ላይ ይሆናል። ከእሷ ጋር የሚያያዘው ራውተር ክፍሉ ውስጥ ዋይፋይ ይረጫል፤ ነርሷ ስልኳን አገናኝታ ያለ አንድ ብር ዳታ ታያለች። በሳምንት አንድ ቀን አዲስ የተሠራው ትምህርት ከኢንተርኔት ይወርድና ይጫናል። በትምህርቶቹ ላይ የኦንላይን ውይይት ለብቻው በወር አንድ ጊዜ ይደረጋል፤ የሕፃን ፎቶም ሆነ የእናት ስም እዚያ አይወጣም።

እንዲህ ያለ ሥራ የት ላይ እንደሚበላሽ እናውቃለን። ኮምፒውተሯ እየጻፈች ሳለ መብራት ድርግም ሲል ሜሞሪ ካርዱ ይበላሻል፣ በማግስቱም አትነሣም። ስለዚህ ለእሷ 5 ቮልት፣ ለራውተሩ 12 ቮልት የሚሰጥ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) የግድ ነው። ካርዱ በዘወትር ማንበብ ብቻ እንዲቻል ተደርጎ ይዘጋል፤ የሚከፈተው ትምህርት በሚጫንበት ቀን ብቻ ነው። የሁሉም ትምህርት ቅጂ በደሴም በኮምቦልቻም ይቀመጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የአካባቢው ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ያየ ሰው ሁሉን ነገር አንድ ክፍል ውስጥ አያኖርም። የቪዲዮ መጠን ሌላው ጣጣ ነው። አምስት ደቂቃ ቪዲዮ ከ20 ሜጋባይት እንዳይበልጥ በ480 ፒክስል ይጨመቃል፤ ለስልክ ስክሪን ይበቃል።

ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ በበብል ሲፓፕ ላይ ነው፤ ይህ ለሕፃኑ በአፍንጫው በኩል ግፊት ያለው አየር የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ሳንባው ላልጠነከረ ሕፃን ግፊቱን የሚሰጠው ጠርሙሱ ውስጥ የገባው ቱቦ ጥልቀት ነው፤ 5 ሳንቲ ሜትር ከውኃው በታች ከሆነ ግፊቱ 5 (በሳንቲ ሜትር ውኃ) ነው። ውኃው ቀንሶ ቱቦው 3 ላይ ቢቀር ግፊቱም 3 ይሆናል፤ ጠርሙሱ ግን መንቦጭቦጩን አይተውም፣ ሩቅ ለቆመ ሰው ሁሉ ነገር ደህና ይመስለዋል። መንቦጭቦጩ ከቆመ ብዙ ጊዜ አየር የሚያመልጥበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ አፍንጫው ውስጥ የሚገባው የቱቦ ጫፍ ለሕፃኑ አንሶ ይሆናል፣ አፉ ተከፍቶ ይሆናል፣ ወይም አንዱ መጋጠሚያ ለቋል። ጫፉ የአፍንጫውን የመሐል ግድግዳ ከነካ ደግሞ ቆዳው ይቆስላል፤ ስለዚህ የ2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መተው ያስፈልጋል። እነዚህን በጽሑፍ ማስረዳት አድካሚ ነው፣ በምስል ግን ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው ሙቀት ነው። የጨቅላ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 መሆን አለበት። በደሴ ብርድ፣ በተለይ ከኮምቦልቻ ሪፈር ተብሎ የሀረጎን ዳገት በአምቡላንስ ለሚወጣ ሕፃን፣ ይህን መጠበቅ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ያለቀኑ ወይም በአነስተኛ ክብደት የተወለደ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት በካንጋሩ እንክብካቤ እናቱ ደረት ላይ እንዲሆን ይመክራል። ለእናቶች የሚሆነውን ክፍል በአማርኛ ብቻ ሳይሆን ከከሚሴ በኩል ለሚመጡት በኦሮምኛም እንሠራዋለን።

ከእናንተ የምንፈልገው ይህን ነው። ለሁለቱ ከተሞች 2 ራስፕቤሪ ፓይ ከነቻርጀራቸው፣ 2 ራውተር፣ 2 ዩፒኤስ፣ ባለ 64 ጊጋባይት 6 ሜሞሪ ካርድ (በየከተማው አንዱ ሲሠራ ሁለቱ መጠባበቂያ)፣ 4 ታብሌት፣ ለቀረጻ 1 የስልክ ማቆሚያና 1 ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ። ዋጋ ያልጻፍነው ከሱቅ ሱቅ፣ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ ነው። ገንዘብ ከመስጠት ዕቃውን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብታመጡልን እንመርጣለን፤ ለእኛም ከሐሜት ያድነናል።

ከውጭ ያገለገለ ታብሌት የምትልኩ፣ እባካችሁ ከመላካችሁ በፊት የጉግል ወይም የአፕል አካውንታችሁን አውጡ። በአካውንት ተቆልፎ የመጣ ታብሌት እዚህ የሚከፍተው የለም፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። አንድሮይድ ከሆነ 9 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፣ ባትሪውም ቢያንስ አራት ሰዓት ይቆይ። ቻርጀሩ ላይ 100-240 የሚል ጽሑፍ ከሌለ የእኛ 220 ቮልት ሊያቃጥለው ይችላል፤ እሱን አትላኩ።

ጊዜ ያላችሁ ደግሞ ጊዜያችሁን ስጡን። የምንፈልገው በጨቅላ ሕፃናት ነርሲንግ የሠለጠነ አራሚ፣ የሕፃናት ሐኪም፣ ጥርት ያለ ድምፅ ያለው አንባቢና ቪዲዮ ቆራጭ ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ሁለት ባለሙያ ሳያየው አይጫንም፣ የታየበት ቀን ይጻፍበታል፣ ዓመት ሲሞላው እንደገና ይታያል። የመማሪያ መጽሐፍ ፎቶ እያነሡ መጫን የለም። ብዙዎቹ የቅርብ ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ሰነዶች ግን ለሽያጭ እስካልዋሉና ትርጉሙ የድርጅቱ አለመሆኑ እስከተጻፈበት ድረስ መተርጎም ይቻላል። አንድ ነገር ከወዲሁ እንወቅ፦ ይህ መደርደሪያ ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚሆን የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ አይሰጥም፤ ያ ዕውቅና ያለው ተቋም ሥራ ነው።

ዕቃ ይዛችሁ ስትመጡ በሥራ ሰዓት ይሁን። የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ አስተባባሪ ነርስ አብራችሁ ንብረት ክፍል ትገባለች፤ ዕቃው በስማችሁ ተመዝግቦ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ሳትቀበሉ አትመለሱ።