ጦርነቱ ኮምቦልቻ ላይ አልቆመም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ አሜሪካዊው ጸሐፊ ክሪስ ሄጅስ ያወጣችሁትን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለወደድኩት ነው። ሁለተኛ ግን አንዲት መስመር አላሳልፍ ብላኝ ነው። «ከመቀሌ እስከ ኮምቦልቻ የዘለቀውን ጦርነት የሚጽፍ እንዲህ ያለ ሰው እኛም ያስፈልገናል» ትላላችሁ።

እስከ ኮምቦልቻ?

እኔ የሸዋ ሮቢት ሰው ነኝ። ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ከሚሴን፣ ካራቆሬን፣ አጣዬን፣ ሰንበቴን፣ ጀውሃን አልፎ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። ኅዳር 2014 የህወሓት ተዋጊዎች ከተማችን ገብተዋል። ያኔ አገሩ ሁሉ ስማችንን ሲጠራ ነበር የሚውለው። ዛሬ እናንተ ከነመኖራችን ረሳችሁን።

ማሽላው ገና ማሳ ላይ ነበር። እናቴን ይዤ ወደ ደብረ ሲና ወጣሁ። የቆላ ሰው የብርድ ልብስ ከየት ያመጣል? እማዬ ነጠላ ብቻ ነበር የደረበችው። ጣርማበር ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ነጠላዋን ከትከሻዋ እየገፈፈ፣ እሷ ደግሞ በጥርሷ ነክሳ ያዘችው። ደብረ ብርሃን የማናውቃት ሴት ጋቢዋን አውልቃ አለበሰቻት።

ስንመለስ ከስፌት መኪናዬ እግሩና ፔዳሉ ብቻ ቆሞ ጠበቀኝ። ላዩ ተነቅሎ ሄዷል። የደንበኛ ልብስም የለም። ልብሱን ማን እንደወሰደው እያወቁም ከኔ የጠየቁኝ አሉ። ምን ያድርጉ፣ እነሱም ተዘርፈዋል።

ከዚያ አንድ ጋዜጠኛ መጣ። አስፋልቱ ዳር ከተቃጠለች መኪና አጠገብ ቆሞ ተቀረጸና ሄደ። ሱቄ ከቆመበት ሃያ እርምጃ አይርቅም።

ሄጅስን ካነሳችሁ አይቀር፣ የሠራውን አይታችሁ አንሱት። ኤል ሳልቫዶርን፣ ሳራዬቮን፣ ኮሶቮን በቦታው ተገኝቶ ነው የዘገበው። እ.ኤ.አ. በ1991 ባስራ ላይ በኢራቅ ወታደሮች ተይዟል። በ2003 ሮክፎርድ ኮሌጅ ምርቃት ላይ የኢራቅን ወረራ ሲቃወም ማይክራፎኑ ሁለት ጊዜ ጠፍቶበታል፤ ጀርባቸውን የሰጡት ተማሪዎችም ነበሩ። ይሠራበት የነበረው ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በጽሑፍ ወቀሰው፤ በ2005 ጋዜጣውን ለቆ የራሱን መንገድ ያዘ። ሰውዬው ይህን ሁሉ ከፍሎ ነው የጻፈው። የእናንተ ጸሐፊ ግን ምንም የማያስከፍለውን፣ ሸዋ ሮቢት አንድ ስልክ መደወልን፣ አላደረገም።

መቀሌ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የደረሰው ከእኛ ይብሳል ካላችሁ አልከራከርም። የማንንም ሐዘን ላሳንስ አልጻፍኩም። ግን «እስከ» ስትሉ ድንበር አበጃችሁ። ከድንበሩ ወዲህ ያለነው ምንም ያልነካን ሆንን። ነገ መጽሐፍ የሚጽፈው ሰው ደግሞ የሚያገላብጠው የእናንተን ጋዜጣ ነው።

እርማት አውጡ። በትንሽ ፊደል የውስጥ ገጽ ላይ አይሁን፤ ስህተቱ የወጣበት ገጽ ላይ ይሁን። ዘጋቢ ከላካችሁም ከመኪናው ወርዶ ይግባ። የስፌት መኪናው እግር አሁንም እዚያው ቆሟል። እማዬም ነጠላዋን አልጣለችም፣ ታሳየዋለች።

ልብስ ሰፊው፣ ከሸዋ ሮቢት