«ወላጅ አምጣ» ከማለትህ በፊት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ሰላምታውን ላሳጥረው፤ የእማን ጉልበት ሳምልኝ፣ ጎረቤቱንም ሁሉ በየስሙ ጠይቅልኝ። ከሰኔ ወዲህ ድምፄ የጠፋው ሥራው የሌሊት ሆኖብኝ ነው። ሌላ ምንም የለም፣ ደህና ነኝ። እናንተ ስትደውሉ እኔ ተኝቼ፣ እኔ ስነቃ እናንተ ተኝታችሁ ነው እንጂ ረስቻችሁ አይደለም። ለእንቁጣጣሽ የላክሁት ብር ደርሷችሁ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት የእማ የግፊት መድኃኒት የሦስት ወሩ ባንዴ ይገዛ። «አሁንማ ተሽሎኛል» ብላ እንደምታቋርጥ አውቃለሁ። ደህና የሆነችው ኪኒኑን ስለዋጠች መሆኑን ደጋግመህ ንገራት፤ ግፊት ምልክት ሳያሳይም ይጎዳል፣ አደራ።

ርዕሰ መምህር ሆነህ መመደብህን ከእህታችን ሰማሁ። ደስ አለኝ፣ ፈራሁልህም። ትምህርት ሳይጀመር ይድረስህ ብዬ ነው ከእንቅልፌ ቀንሼ የምጽፈው።

መጀመሪያ የምለምንህ፣ መምህርን በተማሪ ፊት አትቆጣ። አርፍዶ ሰልፍ ላይ የደረሰውን መምህር ድምፅ ማጉያ ይዘህ ብትናገረው፣ በማግሥቱ በሰዓቱ ይመጣ ይሆናል። ግን ልጁ ሁሉ አይቶታል። ያን ቀን ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማል፤ እሱም ሳቁን ጸጥ ለማሰኘት አለንጋ ያነሳል። ካንተ አፍ የወጣው ቁጣ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ልጅ ጀርባ ላይ ነው። ቢሮ ጠርተህ፣ በሩን ዘግተህ፣ «ምን ገጠመህ?» ብለህ ጀምር።

ሰኞ ጧት ሃያ ዕለታዊ ዕቅድ ላይ መፈረም ሥራ የተሠራ ይመስላል፤ ዕቅዱ ግን ካምናው የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። ይልቅ በሳምንት ሁለት መምህር ብቻ ያዝና ክፍል ግባ። ከመግባትህ በፊት «የትኛው ርዕስ ነው የሚያስቸግርህ?» በለው። ከኋላ ተቀመጥና 40 ደቂቃውን ሙሉ ቆይ፤ ዐሥር ደቂቃ አይቶ የሚወጣ ሰው ፖሊስ ነው የሚመስለው። ደብተርህ ላይ የምትጽፈው ስለ ልጆቹ ይሁን። እጅ የሚያወጡት ስንት ናቸው? ሁልጊዜ እነዚያው አራቱ ናቸው? መምህሩ ጠይቆ ራሱ ከመመለሱ በፊት ስንት ሰከንድ ታገሠ? የዚያኑ ቀን፣ ለብቻው፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረው። ስድስት ስሕተት ከደረደርህለት አንዱንም አያርምም። በሚቀጥለው ስትገባ ያቺን አንዷን ብቻ እይ።

መምህራን በየዓመቱ የሚሞሉት የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ 60 ሰዓትም ለፋይል ብቻ እንዳይሆን፣ አንተም እንደ መምህራኑ ደብተር ይዘህ ተቀመጥ። የትምህርት አመራር ተመራማሪዋ ቪቪያን ሮቢንሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ከአመራር ሥራዎች ሁሉ በተማሪ ውጤት ላይ ትልቁን ለውጥ ያሳየው ርዕሰ መምህሩ ከመምህራኑ ጋር አብሮ መማሩ ነው። አንድ ለአምስቱን ቡድንም ጎበዝ ልጅ የሠራውን ሌሎቹ የሚገለብጡበት አታድርጉት፤ መምህሩ ሁልጊዜ መልስ የሚጠይቀው ከሌሎቹ አንዱን ይሁን።

አሁን ወደ ወላጅ ልምጣ። «ወላጅ አምጣ» የምንለው ልጅ ሲያጠፋ ብቻ ስለሆነ፣ ወላጅ የትምህርት ቤት በር ሲያይ ይደነግጣል። ልጁም ዱላ ፈርቶ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ለምኖ «አጎቴ ነው» ብሎ ያመጣል፤ ታውቀዋለህ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እያንዳንዱ የክፍል ተጠሪ መምህር በቀን ሁለት ወላጅ ጋ ይደውል፣ ለክስ ሳይሆን ልጁ ያደረገውን አንድ በጎ ነገር ለመንገር። 60 ልጅ ያለበት ክፍል ስድስት ሳምንት ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ችግር ሲመጣ ስልኩ ይነሳልሃል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይም መጀመሪያ መዋጮ አታንሳ። ቀኑን ቅዳሜ አታድርገው፣ ገበያ ነው፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሻላል። ቅዳሜ ገበያን ስጽፍ የበርበሬው ሽታ መጣብኝ፣ ጣና ዳር የሚጠበሰው አምባዛም። እዚህ ውኃ አለ፣ ግን አይሸትም።

የእህታችንን ነገር ግን አላልፈውም። ልጁ ከ58 ተማሪ ከ4ኛ ወደ 19ኛ ስለወረደ አባቱ ቀበቶ አንስቷል፤ እሷ ደግሞ አዝናለት ስልኳን ሰጥታ ታስመሸዋለች። ያስጠኚ ብር ልኬያለሁ። «ብር ልካ ምክር ትጨምራለች» እንደምትሉ አውቃለሁ። እማ ስትታመም አጠገቧ ያልነበርኩ ሰው ስለ ልጅ አስተዳደግ ልናገር ወይ? እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ግን ዝም ብል ይቆጨኛል። ቀበቶው ካርዱን መደበቅ ነው የሚያስተምረው። «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ጥያቄ ይቅርና «ዛሬ ያልገባህ ምን ነበር?» ይባል። ማታ ቡና ሲፈላ 15 ደቂቃ ጮክ ብሎ ለእማ ያንብብላት። እማ ፊደል ባትቆጥርም የት እንደሚሰናከል ጆሮዋ ይለያል። ስልኩ ከራት በኋላ እናቱ ጋ ይደር። አባቱም መምህሩን ልጁ ፊት «ይሄ ምን ያውቃል!» ማለቱን ይተው፤ ቤት የተናቀ መምህር ክፍል ውስጥ አይሰማም። ዘንድሮ የስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለበት።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሞ የተመለሱ ልጆችም ይኖሩሃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ፣ አንድ ደቂቃ አስነብባቸው። የማያነብ፣ እየቆጠረ የሚያነብ፣ አቀላጥፎ የሚያነብ ብለህ ለይና ለመጀመሪያዎቹ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት አውጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ጣት መቀሰር የሚቀናን በ12ኛ ክፍል መምህራን ላይ ነው። እኔ ግን ነገሩ ሳያነቡ ከሦስተኛ ክፍል ካለፉት ልጆች ይጀምራል ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ስንት ወላጅ እንደመጣ ጻፍልኝ። ልጁ ለእማ ሲያነብላትም በስልክ ቅዳልኝና ላክልኝ፤ ሌሊት ሥራ ስሄድ እየሰማሁት እሄዳለሁ። የእማም ድምፅ ይግባበት።

እህትህ