ኤስዩ-152 ለምን ተሠራ?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሣሪያዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤያለሁ። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ከባድ መድፍ የተገጠመለትን የሶቪየት ብረት ለበስ ተሽከርካሪ፣ ኤስዩ-152ን፣ «ታንክ ለማጥፋት የተሠራ» ብላችሁታል። እኔ ዕድሜዬን የማሽን ንድፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ዕቃ የተሠራበት ምክንያት ሲሳት ዝም ማለት አይሆንልኝም።

የተሠራው ምሽግ ለማፍረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ ቀዩ ጦር (የሶቪየት ሠራዊት) ስታሊንግራድ ላይ ወደ ማጥቃት ሲዞር፣ የጀርመንን ምሽጎች ቀረብ ብሎ የሚመታ ከባድ መድፍ አስፈለገው። ቀደም ሲል ኬቪ-2 የሚባል ታንክ ነበር። 152 ሚሊ ሜትር መድፍ በሚዞር ማማ ተሸክሞ 52 ቶን ይመዝን ነበር። ማማው በጣም ከመክበዱ የተነሳ ታንኩ ተዳፋት ላይ ሲቆም ማዞሩ መከራ ነው። በቼልያቢንስክ የኪሮቭ ፋብሪካ የነበረው የታንክ ንድፍ አውጪው የዮሲፍ ኮቲን ቡድን ማማውን ጭራሽ ተወው። በኬቪ-1ኤስ ታንክ አካል ላይ የማይዞር የብረት ክፍል ሠሩ። እየተጎተተ ያገለግል የነበረውን ኤምኤል-20 መድፍ ከፊት ለፊቱ ገጠሙበት። የሙከራው ተሽከርካሪ በጃንዋሪ 1943፣ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አለቀ። በፌብሩዋሪ ጦሩ ተቀበለው። እንዲህ የፈጠነው መድፉም ታንኩም ቀድሞ ተፈትኖ ስለነበር ነው። ይሄ ለኔ ትልቅ ምህንድስና ነው።

አሁን ውስጡን እዩት። መድፉ ወደ ጎን የሚዞረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ዒላማው ከዚያ ካለፈ ተሽከርካሪው ራሱ መዞር አለበት። የሚይዘው ጥይት 20 ነው። አጉራሹ በዚያ ጠባብ ክፍል 44 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ጥይት አንስቶ ያጎርሳል፤ ባሩዱን ደግሞ ለብቻ ያስከትላል። በደቂቃ አንድ ቢበዛ ሁለት ቢተኩሱ ነው። ለምሽግ ይበቃል፤ ምሽግ የትም አይሄድም። ታንክ ለማደን ብሎ የተነሳ ንድፍ አውጪ ግን እንዲህ አይሠራም።

በጁላይ 1943 ኩርስክ ላይ የጀርመን ከባድ ታንኮችን መምታቱ እውነት ነው። ያን የሚያህል ጥይት ብረቱን ባይበሳው እንኳ ይሰነጥቀዋል። «አውሬ አዳኝ» የሚለውን ቅጽል ስም ያተረፈውም በዚህ ነው። ቢሆንም ይህ ደርቦ የሠራው ሥራ ነው።

ተተኪው አይኤስዩ-152 በአይኤስ ታንክ አካል ላይ ተሠራ፤ የፊት ብረቱም 90 ሚሊ ሜትር ደረሰ። የተሽከርካሪው አካል ከመድፉ ፈጥኖ ሲመረት ደግሞ፣ ሥራው እንዳይቆም 122 ሚሊ ሜትር መድፍ ገጠሙበትና አይኤስዩ-122 ወጣ። በ1945 ኮኒግስበርግና በርሊን ውስጥ ምሽግ የሆኑ ሕንፃዎችን የደረመሱት እነዚህ ናቸው።

በሚቀጥለው እትማችሁ እርማት ብታወጡ ደስ ይለኛል። የሚቻላችሁ ከሆነ የውስጡን ንድፍ አብራችሁ አትሙት፤ የአጉራሹም ቦታ ምልክት ይደረግበት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የማሽን ንድፍ መምህር